መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል

በሐምሌ 2011 ዓ.ም. አንድ እሑድ ማለዳ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ጫጫን አልፈን ሸኖ ሳንደርስ፣ መኪናችን ተቃራኒውን መስመር አቋርጣ ከአስፋልቱ ወጣች፤ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ዘልላም ከአንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጉቶ ጋር ተላተመች። ባለቤቴ በቀኝ ትከሻዋና በአንገቷ መካከል ያለው አጥንት ተሰበረ፤ እኔ ሁለት የጎን አጥንቶቼ ተሰነጠቁ፣ ግራ ጉልበቴም ለሦስት ሳምንት ያህል አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ በላይ ጉዳት አልደረሰብንም። መኪናዋን በጭነት መኪና ላይ አስጭነን አዲስ አበባ ስናስገባት ያዩ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስንት ሰው እንደሞተ ነበር።

መኪናዋ ከአባቴ የወረስኳት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመረተች ቶዮታ ኮሮላ፣ በእኛ አገር አጠራር ዲኤክስ ናት። ከአደጋው ሦስት ወር ገደማ በኋላ በራሴ እጅና በአጎቴ ጉልበት ተጠግና ዳግም መንገድ ላይ ወጣች። ይህን የምጽፈው ስለ ጥገናው ለመናገር ነው፤ ነገር ግን ጥገናው ስለ አደጋው ያሳወቀኝ ነገር ስላለ ሁለቱን ለያይቼ መጻፍ አልቻልኩም።

ከአደጋው የማስታውሰው ጥቂት ነው። ጫጫ ላይ ቆመን ቡና ጠጣን። ከዚያ ስንነሣ ጭጋጉ እንደ ነጭ ጋቢ መንገዱን ሸፍኖት ነበር፤ ያ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ በክረምት ማለዳ ጭጋግ የተለመደ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ያህል እየነዳሁ ሳለሁ ከፊት ለፊት የመጣ ሚኒባስ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገልኝ። በእኛ መንገድ ላይ ይህ ምልክት ለአብዛኛው ሾፌር የሚነግረው አንድ ነገር ነው፤ ወደፊት ትራፊክ ፖሊስ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ለባለቤቴ «ትራፊክ አለ፣ ቀበቶሽን እሰሪ» አልኳት፤ እኔም የራሴን ጎትቼ አሰርኩ። ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በኋላ ከመሪው በታች አንድ ከባድ ምት ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ከራዲያተሩ የሚወጣውን እንፋሎት ፉጨትና የባለቤቴን «አለህ?» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። በመካከሉ የነበሩት ሦስት ወይም አራት ሰከንዶች ዛሬም ድረስ የሉኝም።

የመታነው ነገር ምን እንደሆነ የነገሩን ከአካባቢው ሮጠው የመጡት ገበሬዎች ናቸው። ታኮ ነው። አገር አቋራጭ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ረዳቱ ትልልቅ ድንጋይ አንከባልሎ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል፤ ከኋላም የሚያንጸባርቅ ሦስት ማዕዘን ምልክት በማቆም ፈንታ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ እየገነጠለ በአስፋልቱ ላይ ይደረድራል። መኪናው ተሠርቶ ሲሄድ ቅርንጫፉም ድንጋዩም ባሉበት ይቀራሉ። ሌሊት ላይ የተበላሸ አንድ የጭነት መኪና ንጋት ላይ ተነሥቶ ሄዷል፤ ድንጋዩን ግን ያነሣ አልነበረም። እኛ ግራ የፊት ጎማችንን ይዘን የገባነው እሱ ላይ ነው።

የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ የአደጋውን ፕላን ሲያነሣ ከጠየቀኝ ጥያቄዎች አንዱ መብራት አብርቼ እንደነበረ ነው። ምንም ሳላመነታ «አዎ» አልኩት። ልዋሸው አስቤ አልነበረም፤ በዚያ ጭጋግ ውስጥ መብራት ሳያበራ የሚነዳ ሰው እንዳልሆንኩ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። የመብራቱ ማብሪያ ደግሞ ምስክር ሊሆን አይችልም ነበር፤ ከገበሬዎቹ ጋር የመጣ አንድ ወጣት እሳት እንዳይነሣ ብሎ ያገኘውን ማብሪያ ሁሉ አጥፍቶ የባትሪውን ገመድ ነቅሎታል። ለእሱ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ወደ ገንዘቡ ጉዳይ ስንመጣ ነገሩ አጭር ነው። የነበረኝ የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንም ሰው ያለዚህ መድን መኪና መንገድ ላይ እንዳያወጣ ያስገድዳል፤ መድኑ ግን ስሙ እንደሚለው በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለራስ ብረት አይደለም። ጉቶው ደግሞ ካሳ አልጠየቀም። አንድ ጋራዥ 72,000 ብር ጠየቀኝ፤ ሌላው ደግሞ መኪናዋን በቁራጭ ሽጣት ብሎ መከረኝ። ልሸጣት እያሰላሰልኩ ሳለሁ የአባቴ ታናሽ ወንድም ሊጠይቁኝ መጡ። ጋሼ ከአርባ ዓመት በላይ በባትላሜራነት፣ ማለትም የተጎዳ የመኪና አካል በማቃናት ሥራ የሠሩ፣ በዚያን ጊዜ ጡረታ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞረው አዩዋት፣ ኮፈኑን በጣታቸው አንኳኩ፣ ከዚያም «ጎንህ ሲሽር ጥራኝ። እኔ አሳይሃለሁ እንጂ አልሠራልህም» አሉኝ።

ሥራውን የጀመርነው በነሐሴ መጀመሪያ፣ በጊቢያችን ውስጥ በወጠርነው ሸራ ሥር ነው። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ስለ ቅደም ተከተል ነበር። እኔ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነውን፣ የተጨማደደውን ፓራፋንጎ አይቼ መዶሻ ሳነሣ ጋሼ እጄን ያዙ። «ብረት ሲጋጭ ተራ አለው» አሉኝ፤ «መጀመሪያ የተመታው ይገባል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ይታጠፋል፣ እያለ መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ይቆማል። ስትመልሰው ከቆመበት ትነሣለህ። መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል።» ተራውን ጠብቆ ያልወጣ ብረት አንዱን ሲያቃኑት ሌላው ላይ አዲስ ኩርባ ያመጣል፤ መዶሻው በበዛ ቁጥር ላሜራው ይለጠጣል እንጂ ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ አደጋውን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማንበብ ነበረብን፤ እኔ የማላስታውሳቸው ሰከንዶችም እዚያው ብረቱ ላይ ነበሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት ከመንገዴ ልውጣ። ጋሼ መሣሪያ ሲያቀብሉኝና የመኪናዋን አካል ሲጠሩልኝ የሚያወጡት ቃል በአብዛኛው ጣሊያንኛ ነው፦ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ ፓራውርት፣ ላሜራ፣ ቸርኬ፣ ሞላ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ስቱኮ። ጣሊያን በጦር ኃይል የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ለአምስት ዓመት ብቻ ነው፤ በጋራዥ ውስጥ ግን ቋንቋው እስከ ዛሬ አልወጣም። ጋሼ ከእነዚህ ስሞች ሌላ አንድም የጣሊያንኛ ዓረፍተ ነገር አያውቁም፤ የእያንዳንዱን ብሎን ስም ግን አንድ የሮማ መካኒክ ሰምቶ ሊረዳው በሚችል መልኩ ይጠራሉ።

መጨረሻ የገባው የግራ ሻንሲ ነበር። በእርግጥ ዲኤክስ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ አካሏና ወለሏ አንድ ላይ የተበየደ ሳጥን ሆኖ ከፊት በኩል ሁለት ክንዶች ወጥተው ሞተሩን ያቅፋሉ፤ ጋራዥ ውስጥ ግን እነዚህንም ሻንሲ ይሏቸዋል። ጋሼ ሜትር አውጥተው ከቀኝ የፊት ጥግ እስከ ግራ የኋላ ጥግ፣ ከዚያም ከግራ የፊት ጥግ እስከ ቀኝ የኋላ ጥግ በሰያፍ አስለኩኝ። ያልተነካ መኪና ሁለቱ ሰያፎች እኩል ናቸው። የእኛ በ28 ሚሊ ሜትር ተለያዩ፤ ማለትም የግራው ክንድ ወደ ኋላና ወደ ቀኝ ሄዷል። ለማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲስ ፓራፋንጎና አዲስ ኮፈን ገጥመን መኪናዋን አሳምረን ልንሸጣት እንችል ነበር። ከገበያ መኪና ስትገዙ ቀለሙን ሳይሆን ኮፈኑና ፓራፋንጎው የሚገናኙበትን ክፍተት በሁለቱም ጎን እንድታወዳድሩ የምመክራችሁ ለዚህ ነው።

ክንዱን ለማቃናት የመኪናዋን ኋላ ከቤታችን ደጃፍ ካለው የሲሚንቶ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰርን፤ ፊቷን ደግሞ ከጎረቤት በተዋስነው ፓራንኮ (የሰንሰለት መጎተቻ) ከአጥሩ ሥር ካለው ትልቅ ባሕር ዛፍ ጋር አያያዝን። ጥቂት ጎትተን፣ አቁመን፣ ለክተን፣ የታጠፈውን ቦታ በመዶሻ ዙሪያውን እየመታን ብረቱ ውስጡ የያዘውን ውጥረት እንዲለቅ እያደረግን እንደገና ጎተትን። ብረት እንደ ላስቲክ ጥቂት ስለሚመለስ ከሚፈለገው ልክ በላይ መጎተት ያስፈልጋል፤ ምን ያህል በላይ እንደሆነ ግን በሜትር የሚታወቅ አይደለም። በሁለተኛው ቀን ማምሻውን የሁለቱ ሰያፎች ልዩነት 3 ሚሊ ሜትር ደረሰ፤ ጋሼም «ይበቃል፣ ከፋብሪካም ከዚህ የተሻለ አልወጣች ይሆናል» አሉ። ያ ሰንሰለት ቢበጠስ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ በሚጎተትበት ጊዜ ሁሉ ላዩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ጥለን፣ ማንም በሰንሰለቱ መስመር ላይ እንዳይቆም ከልክለን ነው የሠራነው። ባለቤቴ እጇን በነጠላ አንጠልጥላ ከበረንዳው ላይ ስታይ «ያገባሽው ዛፍ ያሳድዳል» ብላ በራሷ ቀለደች።

ከሻንሲው ቀጥሎ ወደ ፊት የሚመጣው ራዲያተሩ ነበር። በዚህ መኪና ሞተሩ የተቀመጠው ርዝመቱን ይዞ ነው፤ ማራገቢያው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በቺንጋ (ሞተሩ በሚያዞረው የላስቲክ ጠፍር) የሚዞር ሆኖ በውሃው ፓምፕ አፍንጫ ላይ ተገጥሟል። ጉቶው የፊቱን ገፍቶ ራዲያተሩን ወደ ኋላ ሲያመጣው በመዞር ላይ ያሉት ክንፎች የራዲያተሩን ሆድ እንደ መጥረቢያ በክብ ቆርጠውታል። የእንፋሎቱ ፉጨት ከዚያ ነበር። የድሮ ራዲያተር ከመዳብና ከነሐስ የተሠራ ስለሆነ በቀለጠ ቆርቆሮ ተበይዶ ይድናል፤ ተክለሃይማኖት አካባቢ ያለ አንድ ባለሙያ የተቆረጡትን ቱቦዎች ዘግቶ፣ በውሃ ገንዳ ውስጥ ነክሮ አየር እየነፋ አረፋ እንደማይወጣ አሳይቶ በ1,800 ብር መለሰልኝ። የዘመኑ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ራዲያተር ቢሆን ኖሮ በዚህ መንገድ አይድንም ነበር። የውሃውን ፓምፕ ግን ቀየርነው፤ ሲያዞሩት ውስጡ የነበረው ኩሽኔታ ይንኮሻኮሽ ነበር።

ከዚያ በፊት፣ ማለትም በአደጋው ቅደም ተከተል ቀድሞ፣ የተጎዳው የጎማው ክፍል ነው። ቸርኬው፣ ማለትም ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ አንድ ቦታ ላይ የቡጢ ያህል ገብቷል፤ ድንጋዩ የመታበት ነው። ጎማውን ከታች የሚይዘው ክንድና ሾክ አብዞርበሩ ሁለቱም ታጥፈዋል። ክንዱን በእሳት አሙቀን ብናቃናውስ ብዬ ስጠይቅ ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡኝ። «ፓራፋንጎ ቢበላሽ ሰው ይስቅብሃል። ይሄ ቢበላሽ ሰው ያለቅስልሃል» አሉ። አንዴ የታጠፈና የተቃና ክንድ ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ስንጥቁም በዓይን አይታይም። ስለዚህ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርደን ሁለቱንም ከሌላ ዲኤክስ የወረዱ፣ ያልተነኩ አድርገን ገዛን። ሶማሌ ተራ ለመኪና ዕቃ ገዢ ገበያም ትምህርት ቤትም ነው፤ ሻጩ «አዲስ ነው» ሲል ጋሼ ብሎን መግቢያውን ቀዳዳ በጣታቸው እየዳሰሱ ዝም ይሉታል፤ ዝምታው ሲረዝም ዋጋው ይወርዳል።

የፊት መብራቱን የነካነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የግራው መብራት መስታወቱም ውስጡ ያለው አምፖልም ተሰብሮ፣ ከነሶኬቱ በሽቦው ተንጠልጥሎ ነበር። አውጥቼ ወደ ቆሻሻው ልወረውረው ስል ጋሼ «ስጠኝ» አሉና ወደ ብርሃን አውጥተው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩት። ከዚያ ለእኔ መልሰው ሰጡኝ። «ክሩን እየው» አሉ።

ክሩ እንደ አዲስ የብር ሽቦ ያብረቀርቃል። አንድ ቦታ ላይ ተበጥሷል፤ ጥምዝምዙ ግን አልተጎተተም፣ አልጠቆረም። ጋሼ ያን ጊዜ የነገሩኝን በኋላ የአደጋ መርማሪዎችም እንደሚጠቀሙበት አወቅሁ። የአምፖል ክር ቱንግስተን ነው፤ ሲበራ ከ2000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሚግል ይለሰልሳል። በዚያ ሰዓት ኃይለኛ ምት ቢያገኘው ክሩ እንደ ተለጠጠ ሞላ ይወላገዳል፤ አምፖሉ ከተሰበረ ደግሞ የጋለው ክር አየር ሲነካው ይቃጠላል፣ ይጠቁራል፣ ዙሪያውንም ነጭ ወይም ቢጫ ዱቄት ይበትናል። ሳይበራ የተመታ ክር ግን ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ እንደ ክብሪት እንጨት ይሰበራል፤ ጽዳቱም እንዳለ ይቀራል። በእጄ ላይ የነበረው ክር የጠፋ መብራት ክር ነበር።

መጀመሪያ ተከራከርኩ። አምፖሉ ቀድሞ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል አልኩ፤ ተቃጥሎ የተበጠሰ ክር ጫፉ ቀልጦ እንደ ጤፍ ፍሬ ይድቦለቦላል፣ ይሄ ግን ስለታም ነው አሉኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ጫጫ ትዝ አለኝ። የመኪናዋ ባትሪ በዚያ ክረምት ደክሞ ነበር፤ ስለዚህ ባቆምኩ ቁጥር ሞተሩ እንዲነሣልኝ መብራቱን አስቀድሜ የማጥፋት ልማድ ነበረኝ። ቡናውን ጠጥተን ስንነሣ ባትሪው እንዳይዝል ያጠፋሁትን መብራት መልሼ አላበራሁትም። ለትራፊክ ፖሊሱ «አዎ» ያልኩት ከደብረ ብርሃን ስነሣ ያበራሁትን እያሰብኩ ነው።

ጋሼ ስለዚህ ጉዳይ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። መብራቱ ቢበራ ድንጋዩን አየው ነበር ወይ? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል፤ ጭጋጉ ከ30 ሜትር በላይ አያሳይም ነበር፤ ሾፌር አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ አስፋልቱም እርጥብ ነበር። ስሌቱ የሚለኝ ቢበራም ሳልመታው እንደማልቀር ነው፤ በጭጋግ ውስጥ መብራት ከማየት ይልቅ ለመታየት ይጠቅማልና። ይህ ግን አላጽናናኝም፤ ምክንያቱም ስሌቱ ሌላም ነገር ይላል፤ በዚያ ጭጋግ በዚያ ፍጥነት መሄዴ በራሱ ጥፋት ነበር። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ድንጋዩን የተወውን ያልታወቀ ሾፌር ስረግም የከረምኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ደግሞ ሚኒባሱ መጣብኝ። ከአደጋው ቦታ ወዲያ እስከ ሸኖ ድረስ አንድም ትራፊክ ፖሊስ አልነበረም፤ ፕላን ያነሣው ፖሊስም ተጠርቶ የመጣ ነው። ያ ሾፌር ብልጭ ያደረገልኝ መብራትህን አብራ ሲል ነበር። ወይም የድንጋዩን ነገር ሊነግረኝ ነበር፤ አሁን የማውቅበት መንገድ የለም። እኔ የገባኝ ትራፊክ አለ የሚለው ብቻ ነው፤ ያም ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ቀበቶ ያሳሰረን ያ ስሕተት ነው። በዚያች መኪና ውስጥ ቀበቶ ማሰር ልማዳችን አልነበረም። እንደ አብዛኛው ሰው ትራፊክ ፖሊስ ሲኖር እናስራለን፣ ሲታለፍ እንፈታለን።

በማግስቱ ለባለቤቴ ነገርኳት። አምፖሉን አሳየኋት። ብዙ ጊዜ አገላብጣ ካየችው በኋላ «እኔ የመብራቱን ነገር አላውቅም፤ ትከሻዬን የሰበረው ቀበቶ ግን አንተ እሰሪ ብለህ ያሰርከው ነው። ለሁለቱም ተጠያቂው አንተ ነህ እንግዲህ» አለችኝ፤ ከዚያም ሻይ ልታፈላ ሄደች። አምፖሉ አሁንም ድረስ መኝታ ቤታችን መስኮት ላይ፣ በአንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ አለ።

በዚያው ሳምንት ቀበቶዎቹን አወረድን። በትከሻና በወገብ በኩል የሚያልፈውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 የቮልቮ መሐንዲስ የነበረው ኒልስ ቦሊን ካስተዋወቀው ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ አልተለወጠም። ጨርቁ ሆን ተብሎ በጥቂቱ እንዲለጠጥ ተደርጎ የተሸመነ ነው፤ በዚያ መለጠጥ ሰውነታችን ላይ የሚመጣውን ኃይል ይቀንሳል። አንዴ ከተለጠጠ በኋላ ግን ያንኑ ሥራ ዳግም አይሠራም። የእኛ ቀበቶዎች ትከሻ ላይ ባለው ማለፊያ ቀለበት አካባቢ አንድ ስንዝር ያህል አብረቅርቀው፣ የቀለበቱ ፕላስቲክ በፍትጊያ ሙቀት ቀልጦ ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ነበር። ይህ ምልክት ያለበትን ቀበቶ አጥባችሁ መልሳችሁ አትግጠሙት። ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ቀበቶም ከተጋጨ መኪና የወረደ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመግዛታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ጎትታችሁ አውጡትና ያንን ብርቅርቅታ ፈልጉ። እኔ አራተኛው ሱቅ ላይ ነው ንጹሕ ያገኘሁት።

ፓራፋንጎው ከሁሉ በላይ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ደስታውም እዚያ ነበር። ጋሼ ከኋላው የሐዲድ ብረት ቁራጭ ደግፈው ይይዛሉ፣ እኔ ከፊት በመዶሻ በቀስታ እመታለሁ። የሚፈለገው ጉልበት ሳይሆን ድምፅ መስማት ነው፤ መዶሻው ከሐዲዱ በላይ በትክክል ሲያርፍ ደወል ይመስላል፣ ሲስት ቆርቆሮ ይሆናል። የተለጠጠውን ቦታ በእሳት ነጥብ ነጥብ እያሞቁ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ሲነኩት ተሸማቅቆ ይሰበሰባል። ስቱኮ፣ ማለትም የቀረውን ጉድጓድ የሚሞላው ልጥፍ፣ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ስቱኮ የሚበዛበት ሥራ መዶሻው ያልጨረሰው ሥራ ነው። ከዚያ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተጀምሮ፣ 180 አልፎ፣ 320 ድረስ መፈግፈግ አለ። ጣቶቼ ደም እስኪያወጡ ፈገፈግሁ።

ቀለሙን ግን መቀባት አልቻልንም። የምንጠቀምበት ናይትሮ ቀለም እርጥበት ባለበት አየር ሲረጭ ቶሎ ስለሚተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበትም እዚያው ጠል ሆኖ ገብቶ ወተት የፈሰሰበት ያስመስለዋል። በነሐሴ ዝናብ ይህን ማድረግ ሞኝነት ስለነበር መኪናዋን በግራጫ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) እንደተቀባች እስከ መስከረም አጋማሽ አቆየናት። ጸሐይ ሲወጣ ተረጨች። አዲሱ ቀለም በፋብሪካው ቁጥር የተደባለቀ ቢሆንም ከአሮጌው ጋር አልተመሳሰለም፤ የሠላሳ ሰባት ዓመት ጸሐይ ያፈዘዘውን ሰማያዊ ማንም ሊደባልቀው አይችልም። ግራ ፓራፋንጎዋ ዛሬም ከሌላው አካሏ ትንሽ ወጣት ነው።

የሻንሲውን የተሰነጠቀ ስፌት ብየዳ እኔ አልነካሁትም፤ ጋሼ የሚያምኑት በያጅ መጥቶ ሠራው። የጎማውን አላይመንትም በክር ለክተን ካቀረብነው በኋላ መሣሪያ ያለው ቤት ወስደን አስተካከልነው። የጭነቱን ኪራይ ጨምሮ ያወጣሁት ወደ 24,000 ብር ነው፤ የጋሼን የሁለት ወር ድካም ሳልቆጥር። አንባቢ ይህን ዋጋ አይቶ በዘመናዊ ቪትዝ ወይም ያሪስ ላይ ለመሞከር እንዳይነሣሣ እለምናለሁ። የአሁኖቹ መኪናዎች ሻንሲ ከፍተኛ ጥንካሬ ባለው ብረት የተሠራ ስለሆነ በእሳት ሲሞቅ ጥንካሬውን ያጣል፤ ኤርባግም እንደ አምፖል ተነቅሎ የሚቀየር ነገር አይደለም። ዲኤክስ በመዶሻ የተሠራች ያህል ቀላል ስለሆነች ነው በመዶሻ የዳነችው።

ቦሎዋን አሳድሼ በጥቅምት መጀመሪያ ላይ ወደ ደብረ ብርሃን ይዣት ወጣሁ። ባለቤቴ ከጎኔ ነበረች፤ ቀበቶዋን ከቤት ጀምሮ አስራለች። ሰንዳፋን አልፈን አለልቱ ስንቃረብ ስስ ጭጋግ ከሜዳው ላይ ተነሣ፤ ከጭጋጉም ውስጥ አንዲት ነጭ መኪና መብራቷን አጥፍታ መጣች። ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረግሁለት። በአጠገባችን ሲያልፍ የሾፌሩ ግራ እጅ በችኮላ ከትከሻው በላይ ወጥቶ ቀበቶውን ሲስብ አየሁት። መብራቱ እንደ ጠፋ ሄደ።